ስለ አቦይ ፍስሐ ሳጥን የቀረበብሽ ክስ

እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለሸዋወርቅ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሲገባ እንደ ልማዱ ጀመረሽ ወይስ ዘንድሮ ማረሽ? እማዬ መድኃኒቷን ትውጣለች ወይስ አሁንም ትራስ ሥር ትደብቃለች? የጋሽ ዮሃንስ ሳል ለቀቃቸው? የኔአለም ከሒሳብ ጋር ታረቀች? አቢስ የወላለቁት ጥርሶቹ በቀሉለት? ሁላችሁንም በደህና ያግኛችሁ። እኔን ስትዪኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ወፍሬያለሁ እንጂ አልከሳሁም፤ ለምን እንደወፈርኩም ከዚህ በታች ታገኚዋለሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ አንቺ በላህ ወይ ትዪኛለሽ፣ እኔ በላሁ እላለሁ፣ ከዚያ አንቺ ሃያ ደቂቃ ታወሪና ካርዱ ያልቃል። ይህ ጉዳይ ግን ሳይቋረጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መነበብ ያለበት ነው፤ ምክንያቱም ክስ ነው፣ ተከሳሿም አንቺ ነሽ። ባልደረባዬ ሀፊሳ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ስለምትወርድ በእናንተ በኩል ስታልፍ ታደርስልኛለች። አደራሽን፣ ምሳ ካልበላሽ ብለሽ አትያዣት፤ መኪናው ጥሏት ይሄዳል።

የአከራዬን የአቦይ ፍስሐን ነገር ከዚህ በፊት አጫውቼሻለሁ። አቦይ እዚህ አገር ለትልቅ ሰው የሚባል ነው፣ እኛ አባባ እንደምንለው። ቤታቸው ዓይደር ነው፤ ከፊት ለፊት መንገድ ላይ ፎቶ ቤታቸው አለ፣ ከጀርባ ግቢው፣ በግቢው ጥግ ደግሞ እኔ የተከራየኋት ክፍል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰርግና ክርስትና ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ናቸው። መቐለ ውስጥ ተድሮ በአቦይ ፍስሐ ካሜራ ያልገባ ሰው አለ ቢሉኝ መታወቂያውን አሳዩኝ ነው የምለው። ባለቤታቸው አደይ ሥርጉት፣ አደይ ደግሞ ለእናት የሚባል ነው፣ አምና ኅዳር ላይ አረፉባቸው፣ ይኸው ዘንድሮ ኅዳር ሃያ ሰባት ሙት ዓመታቸው ነበር።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ሚስት ሲቀርጹ የኖሩት ሰውዬ የራሳቸውን ሚስት አልቀረጹም። አደይ ሥርጉት ካሜራ ሲያዩ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ማድቤት ይሸሹ ነበር አሉ። ማንን እንደሚመስሉ አልነግርሽም፤ አንቺው ታውቂዋለሽ። ፎቶ እንኳ ያላቸው የመታወቂያቸው ብቻ ነው፣ እሱም ላይ ተቆጥተዋል። አቦይ ፍስሐ ግን አንድ ነገር ይምላሉ፤ አንድ ቀን አዲስ ካሜራ ገዝተው ቤት ውስጥ ሲሞክሩ አደይ ሥርጉት ሳያውቁት ተቀርጸዋል። ያ ቪዲዮ ከስንት ሺህ የሰው ሰርግ መሃል በቁጥር ብቻ ተሰይሞ የሆነ ቦታ አለ። ልጃቸው ሳምራዊት ደግሞ ከስዊድን ለሙት ዓመቱ ልትመጣ ነበርና የእናቴን ድምፅ አሰሙኝ አለች።

ቪዲዮዎቹ የነበሩት ፎቶ ቤቱ ውስጥ ባለው አሮጌ ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ምን መሰለሽ፣ ከጫማ ካርቶን ብዙም የማይበልጥ ሳጥን ነው፤ ሆዱ ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ የሚከማችባቸው ዲስኮች አሉ፣ ቤት ውስጥ ያለው ኮምፒዩተርና ቴሌቪዥን ሁሉ በገመድ ወይም በዋይፋይ ከሱ ይቀዳል። አቦይ ፍስሐ በዚያ ክፉ ጊዜ የጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀብረው ያተረፉት ነው። ኋላ ግን አርጅቶ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀምሮ ነበር፣ እንዲህ ያለ ድምፅ የጀመረ ዲስክ ደግሞ ዕድሜው በቀን ነው የሚቆጠረው። ሳምራዊት ይህን ሰምታ አዲስ ሰርቨር ከሰው ጋር ላከች፣ እሱን ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥነው። ሥራው እንግዲህ ከአንዱ ጎተራ ወደ ሌላው እህል እንደመገልበጥ ነው። ዲስኩን እየከፈትን አንድ በአንድ ብንፈልግ በመሃል ይሞትብናል፤ መጀመሪያ ሁሉንም ገልብጠን ከዚያ በሰላም መፈለግ ነበረብን።

እኔም የዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ክፍል ሠራተኛ ነኝና ደረቴን ነፍቼ አንድ ቀን አይፈጅም አልኩ። አፌን በቆረጠው! ማክሰኞ ኅዳር አሥራ ስድስት ከሥራ ስመለስ በዋይፋይ አስጀመርኩት። ኮምፒዩተሩ ጥቂት አሰበና የቀረው ጊዜ አሥራ ሰባት ቀን ነው አለኝ። ሙት ዓመቱ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። አቦይ ፍስሐ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ካነበቡ በኋላ ምናልባት ቀኑን በፈረንጅ ቆጥሮት ይሆናል ብለው አጽናኑኝ።

ጥፋቱ የኔ ነበር፤ በመሃል ሁለት የድንጋይ ግድግዳ አለ፣ ዋይፋዩ እየተንጠባጠበ ነው የሚያልፈው። በማግሥቱ ጠዋት ከፎቶ ቤቱ እስከ ሳሎን ድረስ ግቢውን አቋርጬ የኔትወርክ ገመድ ዘረጋሁና ሁለቱን ሳጥኖች አገናኘኋቸው። በሰከንድ ሁለት ሜጋባይት ይል የነበረው ዘጠና አምስት አለ! አሥራ ሰባቱ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አቦይ ፍስሐ ግንባሬን ስመው መረቁኝ፣ እኔም እንደ ጀግና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ማታ መጥቼ ክፍሌ ውስጥ ላፕቶፔን ከፍቼ ባየው በሰከንድ ሦስት። ሦስት! ሮጥ ብዬ ሄጄ የሳሎኑን በር አንኳኳሁ። አቦይ ፍስሐ ጥቂት ቆይተው ከፈቱልኝ። እንግዲህ የዚህን አገር ሰው አታውቂውም፤ የሰው ቤት ገብተሽ ሳትቀምሺ ወደ ጉዳይሽ መግባት ነውር ነው። ወደይ፣ መጀመሪያ ብላ አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ጾም ስለሆነ ሕልበት ቀረበ፣ ይህ ከባቄላና ከአብሽ ተመትቶ አረፋ የሚመስል ወጥ ነው፣ ስትቀምሺው ጾሙን ትረሺዋለሽ። እጄን ታጥቤ፣ በልቼ፣ በጃኻ፣ እባክህ ማለት ነው፣ ይቺን ብቻ ተብዬ ተጎርሼ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወደ ሳጥኑ ዞር ስል ዘጠና አምስት! ምንም አልነካሁትም። ይኸው ደህና ነው አልኩና ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ሦስት።

ሐሙስም እንዲሁ፣ ዓርብም እንዲሁ። ከሩቅ ሳየው እያቃሰተ ነው፣ ስቀርበው ተነስቶ ይሮጣል። አቢ ትምህርት ቤት ላለመሄድ ሆዱን ሲያመው ሐኪም ቤት በር ላይ እንደሚድነው ማለት ነው። እኔ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ጥፋተኛ አገኝ ነበር። መጀመሪያ ገመዱን ጠረጠርኩ። ወጥቼ ባይ የአቦይ ፍስሐ የእህት ልጅ አክሱማዊት እርጥብ ብርድ ልብስ አስጥታበታለች! ደስ ያለኝን አትጠይቂኝ፤ ሌባውን እጅ ከፍንጅ ያዝኩት ብዬ ግቢውን በጩኸት ሞላሁት። እሷ ምን አለችኝ መሰለሽ፣ ዋይ፣ ገመድ ገመድ ነው፣ የናንተው ብቻ ነው እንዴ የተለየ ገመድ አለችኝ። ብርድ ልብሱን አነሳሁ፣ ገመዱን በአዲስ ቀየርኩ፣ ልብስ እንዳይሰጣበትም ጣሪያ ላይ አወጣሁት። ገብቼ በላሁ፣ ዘጠና አምስት። ወጣሁ፣ ሦስት። ከዚያ ገመዶቹ የሚገናኙባትን ትንሿን ማከፋፈያ ጠረጠርኩና ከቢሮ ሌላ ተውሼ መጣሁ። በላሁ፣ ዘጠና አምስት፤ ወጣሁ፣ ሦስት። ከዚያ ጥቃቅን ፎቶዎቹን ጠረጠርኩ፤ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ከማጋዝ አሥር ሺህ የሚዜ ፎቶ ማጋዝ ይከብዳልና። ትልልቆቹን ብቻ አስቀደምኩ። በላሁ፣ ወጣሁ፣ ሦስት። ሱሪዬ እምቢ ማለት የጀመረው በዚህ ሳምንት ነው።

አቦይ ፍስሐ በበኩላቸው ሳጥኑ እኔን ያከብረኛል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አጠገቡ እንድቀመጥ ለመኑኝ። ጸበልም አስመጥተው አጠገቡ አኑረው ነበር፤ እንዳይረጩት ግን እግራቸው ላይ ወድቄ ነው ያተረፍኩት።

ዓርብ ማታ ግን ቀልዱ አለቀ። አዲሱ ሳጥን ራሱን ዝም ብሎ አጠፋ፣ ግልበጣውም ተቋረጠ። ፎቶ ቤት ሄደን ብናዳምጥ የአሮጌው ቀጭ ቀጭታ ብሶበታል። አቦይ ፍስሐ ወንበር ስበው ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ አዳመጡት። ከዚያ ተወው ወደይ አሉኝ፤ በሕይወት እያለች መቀረጽ አልፈለገችም፣ ሞታ አስገድዳታለሁ እንዴ አሉ። ድምፃቸው እንዲያ ሲሆን ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን እራት አልቀረበም። ሸዋዬ፣ በራሴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ሥራዬ ብዬ የምኮራበትን አንድ ነገር እኚህ ሰውዬ በፈለጉኝ ቀን አቃተኝ።

ቅዳሜን እንደምንም አስጀምሬው በሦስት ሲያዘግም ዋለ። እሑድ ኅዳር ሃያ አንድ የጽዮን ዕለት ነው፣ አቦይ ፍስሐ በሌሊት ተነስተው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። እኔ ከቅዳሴ ቀደም ብዬ ተመለስኩና ላፕቶፑን ብከፍት ያው ሦስት። ሳሎን ሄድኩ። የከፈተችልኝ አክሱማዊት ናት፤ የብርድ ልብሱን ነገር አልረሳችልኝም፣ ግባ ብላኝ እንኳ ሳትጨርስ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ምግብ የለ፣ የእጅ ውኃ የለ፣ ሻይ የለ። ዕድሜ ለኩርፊያዋ፣ በዚያ ሳምንት ሳጥኑ እየሠራ ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልበላ ቀጥ ብዬ ወደ እሱ ሄድኩ።

ሳጥኑ የለም። በቦታው ላይ ያለው ጣዎስ ነው። ሁለት ጣዎስ ፊት ለፊት ተያይተው፣ ዙሪያውን ቀይ ጥልፍ፣ እስከ ጠረጴዛው ድረስ በአራቱም በኩል የወረደ፣ በስታርች ድርቅ ያለ ዳንቴል። ከሥሩ ሰማያዊ ሳቲን ገበር የገባለት። አወቅሽው? ለፋሲካ ሁለት ሠርተሽ አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለአከራይህ ስጥልኝ ብለሽ የላክሽው ነው! አንስቼ እጄን ሳጥኑ ላይ ባሳርፍ ከምድጃ የወጣ ዳቦ ነው የሚመስለው። መተንፈሻው፣ የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ፣ ሁሉም ባንቺ ሳቲን ታፍኗል። እንዲህ ያለ ሳጥን ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ ሥራውን ይቀንሳል፤ ሲብስበት ራሱን ያጠፋል። ሌላ ሰው የሠራው ዳንቴል ቢሆን ቀዳዳ ይኖረው ነበር፤ ያንቺ ግን መርፌ አያሳልፍም፣ ደብረ ብርሃን ያለ ሁሉ የሚያደንቅሽም ለዚሁ ነው። ክሱ ይኸው ነው፣ እህቴ። የዘጠና አምስቱን ሜጋባይት አንቺ ነሽ የበላሽው።

አቦይ ፍስሐ ሲመለሱ ዳንቴሉን እንደያዝኩ በር ላይ ጠበቅኋቸው። ምንም አልካዱም። የቤቱ ዕቃ ሁሉ ዳንቴል እንደለበሰ አንድ እሱን ብቻ ራቁቱን አቧራ ላይ መተው አልሆነላቸውም፤ ደግሞም የኔ እህት እጅ ሥራ ስለሆነ ለኔ ክብር መስሏቸዋል። ታዲያ እኔ ስመጣ ለምን ተገልጦ አገኘዋለሁ ብላቸው፣ ሳንኳኳ ፈጥነው አንስተው አጥፈው ሶፋው ላይ ያኖሩታል፣ በሶፋው ላይ ካሉት ዳንቴሎች ጋር ተቀላቅሎ አይለይም። ሐኪም ገብቶ በሽተኛውን ተከናንቦ እንዲያገኘው ነው እንዴ የምትፈልገው አሉኝ። እኔ ሕልበቱን በልቼ እስክጨርስ ሳጥኑ ቀዝቅዞ ይነሳል፤ ደግ ሰው በላዬ ላይ ከሳጥኑ ጋር አድሞ ነበር ማለት ነው። ስለ ግለቱ ያስረዳኋቸውን አዳምጠው ሲያበቁ ተቀመጡና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አክሱማዊት ብቻ አልሳቀችም፣ የብርድ ልብሴን ይቅርታ እጠብቃለሁ አለች። ጠየቅኋት።

እንዲያም ሆኖ ሳጥኑ ለእንግዳ ዓይን ራቁቱን አይቀመጥም ብለው ሙግት ያዙ። በመጨረሻ ታረቅን፤ ዳንቴልሽን ከላዩ አንስተን ከሥሩ አነጠፍንለት፣ ጣዎሶቹ ከግራና ከቀኝ ብቅ ብለው ይታያሉ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አስጀመርኩ፣ ዘጠና አምስት አለና ቀኑን ሙሉ አልወረደም። መብራትም የጽዮን ዕለት ነው ብላ ነው መሰል ሳትጠፋ ዋለች። አመሻሹ ላይ አለቀ። አሮጌው ዲስክ ማክሰኞ ጠዋት ቀጭ ማለቱን አቆመ፣ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ሁለት ቀን ነው የቀደምነው።

ቪዲዮውን ሰኞ ከሥራ መልስ ካሜራው በተገዛበት ዓመት ለይተን አገኘነው። አደይ ሥርጉትን የምናየው አሥራ አራት ሰከንድ ብቻ ነው። ካሜራው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ እሳቸው ከማድቤት ይወጣሉ፣ ያዩታል፣ እየሠራ መሆኑን ግን አላወቁም። ውድ ዕቃ አቧራ ላይ እየተጣለ ብለው ያጉረመርማሉ። ከዚያ ከቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል ያነሱና ካሜራውን ያለብሱታል። ጨለማ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ የሚታይ ነገር የለም፣ ድምፃቸው ብቻ ነው። ጎረቤት ይጠራሉ፣ ዶሮ ያባርራሉ፣ የባላቸውን ዝርክርክነት ለሳምራዊት ይነግሯታል፣ እሷ ትንሽ ልጅ ነበረች፣ ትስቃለች። መጨረሻ ላይ አቦይ ፍስሐ ሲገቡ ይሰማል፣ ካሜራዬ የት ሄደ ይላሉ። አደይ ሥርጉትም ካሜራው አይሸሽም፣ አንተ መጀመሪያ ብላ፣ ቀዝቅዞብሃል ይሏቸዋል። እዚያ ላይ ያልቃል።

ሸዋዬ፣ ያን ሳምንት ሙሉ የተዋጋኋቸው ሁለቱ ነገሮች፣ ማልበሱም መጀመሪያ ብላውም፣ ለካ የሳቸው ናቸው። አቦይ ፍስሐ ጨለማውን ቴሌቪዥን አሥራ አንዱን ደቂቃ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩትና እንደገና ክፈተው አሉኝ። ትናንት በሙት ዓመቱ ሳምራዊት እናቷን ሰማች፣ ትንሽ ሆና ስትስቅም ራሷን ሰማች፣ አለቀሰችም። ቤቱ ሙሉ ሰው ጥቁር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ አንድም ሰው ምስሉ የት አለ ብሎ አልጠየቀም። አሁን ማታ ማታ ሳጥኑን አጥፍተው ዳንቴልሽን ከሥሩ አውጥተው ያለብሱታል፣ ጠዋት እኔ ስከፍተው ይመልሱታል። እኔም አልናገራቸውም።

ስለዚህ ክሱን አንስቻለሁ፣ ሌላ ዳንቴልም ላኪ፣ አክሱማዊት ትፈልጋለች፤ ሳቲኑን ግን ተዪው። እማዬን ጉልበቷን ስመሽልኝ መድኃኒቱን ከትራሱ ሥር አውጪ። ለጋሽ ዮሃንስ ሳላቸው ካልለቀቃቸው ማር እልካለሁ በያቸው። የኔአለምን ግንባሯን፣ አቢን ጥርስ የሌለው አፉን ሳሚልኝ። አጥር የምትጋሪያትን እትዬ የትምወርቅንም ሰላም በያት፣ ድምፅዋ እዚህ ሆኜ እንደናፈቀኝ ንገሪያት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ለገና ስመጣ ስልኬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። እንደ ልማድሽ ፊትሽን ሸፍኚ፣ ከፈለግሽም ስልኩን ራሱን በዳንቴል ሸፍኚው፣ ምንም አልልም። ማውራትሽን ብቻ እንዳታቆሚ።

ወንድምሽ ቀለሙ
መቐለ፣ ዓይደር
እሑድ ኅዳር ፳፰ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.